ለቀኝ ጆሮዬ የሚመጥን ሐኪም

አምቦ ከተማ ውስጥ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ሐኪም አይደለም፤ ወደ እኔ ነው። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም። የሚያሞግሰኝ ሌላ ሰው እስኪገኝ ሥራው እንዳይጓተት ብዬ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት የተሰበረ በር ልጠግን ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት የዘይት ጣሳ ላይ ካለ ጽሑፍ፣ እንግሊዝኛ የለመድኩት ከሞተር መመሪያ፣ ሕክምና የተማርኩት ደግሞ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ ከሚገባው ቀጭን ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሌላ ሰው በምዕራብ ሸዋ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

ጎረቤት ሆዱ ሲነፋ ወይም ወገቡ ሲይዘው "ጋሼ፣ የት ብሄድ ይሻለኛል?" ብሎ ደጄን ያንኳኳል። እኔም ወንበሬ ላይ ተደላድዬ እፈርዳለሁ። ለጥርስ እዚያ፣ ለዓይን እዚህ፣ ለወለምታ ወጌሻው ዘንድ። የትኛው ክሊኒክ ያለችው ነርስ እጇ እንደሚቀል፣ የትኛው መድኃኒት ቤት ገና አፍህን ሳትከፍት ኪኒን እንደሚያወርድልህ፣ የትኛው ዶክተር በየትኛው ቀን ብቅ እንደሚል አውቃለሁ። ከዳኑ ምክሩ የእኔ ነው፤ ካልዳኑ ጥፋቱ የሐኪሙ ነው። በዚህ ሁኔታ ስሜ እየገነነ ሄደ።

በእኛ አካባቢ ማንም ያልጻፈው ግን ሁሉም የሚያከብረው አንድ ሕግ አለ፤ ሰው በሚኖርበት ከተማ አይታከምም። የጌዶ ሰው ሲታመም ጉደር ይወርዳል። የጉደር ሰው አምቦ ይመጣል። የአምቦ ሰው አዲስ አበባ ይሄዳል። የአዲስ አበባው ሰው ደግሞ፣ ካለው፣ ውጭ አገር ይበራል። የውጭ አገሩ ሰው ሲታመም ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ከእኛ ገጠር ካቺሲ ሳይመጣ አይቀርም። በሚኖርበት ከተማ የሚታከም ሰው ካለ ወይ ወዳጅ ዘመድ የሌለው ነው፣ ወይ ሕመሙን የናቀ ነው ተብሎ ይታዘንለታል። ሐኪም የሚያድነው በመድኃኒቱ ሳይሆን በርቀቱ ይመስለናል።

እኔም ይህን ሕግ አከብር ነበር። እንዲያውም ከሕጉ ጠባቂዎች አንዱ ነበርኩ።

ሥራዬ ወፍጮ ቤት መጠገን ነው። ከአምቦ እስከ ጌዶ፣ ወደ ካቺሲ በሚወስደውም መንገድ፣ እጄ ያልነካው ወፍጮ ካለ ገና ያልተተከለ ነው። ሌላው መካኒክ ወፍጮ ሲታመም ፈታትቶ መሬት ላይ ይዘረግፈውና ከብረቱ መሐል በሽታውን ይፈልጋል። እኔ አልፈታም። ረጅሙን ካቻቢቴዬን አወጣለሁ፤ ጫፉን ዘንጉን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ያለበት ብረት ላይ አሳርፋለሁ፤ እጀታውን ቀኝ ጆሮዬ ሥር ካለው አጥንት ላይ አስደግፌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሐኪም የሰው ደረት የሚያዳምጠው እንዲህ አይደል? ወፍጮው በካቻቢቴው በኩል ይነግረኛል፤ ግራሶ አነሰኝ፣ ኩሽኔታዬ ተበላ፣ ችንጋዬ ላላ፣ ድንጋዬ መወቀር አለበት ይለኛል። ዓይኔን ስገልጥ መልሱ በአፌ ነው። ሰው ይደነግጣል፤ እኔ አልደነግጥም፣ ለምጄዋለሁ።

ሁለቱ ጆሮዎቼ እኩል አይደሉም። ግራውን በወጣትነቴ ወፍጮ በልቶታል፤ ለቤት ወሬ ብቻ ይበቃል፣ ለዚያም ሚስቴ አይበቃም ትላለች። ቀኙ ግን የእንጀራዬ ጆሮ ነው። ስለዚህ እንደ ዓይን ብሌን ነው የምጠብቀው። ከሥራ ስወጣ አቧራ እንዳይገባበት ጥጥ እወትፍበታለሁ፣ በሳምንት አንዴም በክብሪት እንጨት አጸዳዋለሁ። ይህንን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ የፈለሰፍኩት ነው።

ኮሮናው አልፎ ሰው መጨባበጥ እንደገና በጀመረበት ሰሞን አንድ እሁድ ፍልውሃ ገብቼ ተነከርኩ። ስወጣ ቀኝ ጆሮዬ በር እንደተዘጋበት ቤት ጭር አለ። ውሃ ነው፣ ይወጣል አልኩ። ጭንቅላቴን ወደ ጎን አዘንብዬ በአንድ እግሬ ዘለልኩ። በመንገድ ያለፈ ሁሉ ሰላምታ ሰጠኝ፣ እኔ ግን አልሰማሁትም። ሲነጋም አልተከፈተም። በክብሪት እንጨት ስሞክረው ጭራሽ ተደፈነ።

በዚያው ሳምንት ከጌዶ ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ ባሏ ከሞተ በኋላ ወፍጮ ቤቱን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት ናት፤ ወንድ ጎልማሳ የሚፈራት፣ ለእኔ ግን ሁልጊዜ ወንበር የምታቀርብ።

"ኦቦ፣ ወፍጮው ይጮኻል፣ ቶሎ ይምጡ" አለችኝ፣ በግራ ጆሮዬ በኩል።

ሄድኩ። ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ካቻቢቴዬን ስመዝ እንደ ወትሮው ዝም አሉ። ብረቱ ላይ አሳረፍኩ፣ ጆሮዬ ሥር አስደገፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም የለም። ከሩቅ ከተራራ ጀርባ የሚወርድ ወንዝ የሚመስል ሹሹታ ብቻ ይሰማኛል። እሱም ቆይቶ እንደገባኝ የራሴ ደም ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም አፍ አፌን ያየኛል። ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ በሕይወቴ "አላውቅም" ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። "ችንጋው ላልቷል" ብዬ ፈረድኩ። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘውን ችንጋ አጠበቅኩት። ወፍጮው ሲነሳ የባሰ ጮኸ፤ ዱቄቱም እየተቃጠለ ወጣ።

ከሰልፉ አንዷ ዱቄቷን በጣቷ ነክታ "ውይ! ይሄማ ሳይጋገር በሰለ" አለች። ሌሎቹ ሳቁ።

ባለወፍጮዋ አልሳቀችም። ሞተሩን አጥፍታ ቀረብ አለችኝና ድምጿን ሳትቀንስ፣ ብትቀንስማ አልሰማትም ነበር፣ "ኦቦ፣ የታመመው ወፍጮው ነው ወይስ እርስዎ?" አለችኝ።

"ወፍጮው ነው።"

"እንግዲህ እስከሚመጣው ገበያ እታገሣለሁ። ስለማከብርዎት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የነቀምቱን ልጅ እጠራለሁ። ዲፕሎማ አለው ይላሉ።"

ዲፕሎማ! የነቀምቱ ልጅ የጌዶን ወፍጮ አንዴ ከነካ፣ ከጉደር እስከ ካቺሲ ያለ ወፍጮ ቤት ሁሉ ስልኩን ይይዛል፤ የእኔ ካቻቢቴ ሚስማር መንቀያ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው። ከሚመጣው ገበያ በፊት ይህ ጆሮ መከፈት አለበት፣ አለዚያ እኔ እኔ አይደለሁም።

አምቦ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ጎረቤት ለጥየቃ መጣ። የእኛ አገር ሕመም ጥየቃ ሙዝ ይዞ መምጣት ብቻ አይደለም፤ ቦታም ይዞ መምጣት ነው። አንዱ የአዲስ አበባ ስፔሻሊስት፣ ሌላው ጠበል፣ ሌላው የእህቱ ልጅ የዳነበትን ክሊኒክ ይዞ ይመጣል። ሁሉም ያመጣውን ቦታ እንደ ሙዙ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ታማሚው ካልቀመሰለት ይቀየማል። አጥሩን የምንጋራው ጡረተኛ መምህር ደግሞ ጮክ ብሎ፣ ማስተማር የለመደ ነው፣ "ጋሼ፣ አንተ ስንቱን የላክህ ሰው! አሁን አንተን ማን ይላክህ?" አለኝ።

"ራሴን እልካለሁ" አልኩት።

ሚስቴ ከጓዳ ወጣች። ንግግር አታበዛም፤ እኔ የቤቱን ድርሻ ስለምናገርላት ይመስለኛል። "ጤና ጣቢያው ከጓሯችን ቀጥሎ ነው። ዶሮዎቻችን ሲጮኹ እዚያ ድረስ ይሰማል። ለምን ብቅ አትልም?"

እንግዶቹ በትሕትና ወደ መሬት አዩ፤ የቤት ምሥጢር የወጣ ያህል ነበር።

"ጤና ጣቢያ ለክትባት ነው። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ነው" አልኳት። "እኔ የትኛው ነኝ?"

"ሰሞኑን እንዳለቃቀስህ ሕፃኑ ነህ" አለች።

ጤና ጣቢያውን የናቅኩበት ሌላ ምክንያት ነበረኝ፣ እሱንም ልናገር። መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን ጄኔሬተራቸውን የምጠግነው እኔ ነኝ። እንዲያውም ፍልውሃ ከመግባቴ ጥቂት ቀደም ብሎ አዳምጬ "ጤነኛ ነው" ብዬ ፈርሜበት ወጥቻለሁ። ታዲያ እኔ የምጠግንላቸው ሰዎች እኔን ሊጠግኑኝ? ሰው ጓዳውን ያወቀውን ቤት እንዴት ያምናል? የማላውቀው ቦታ ይሻለኛል። በማላውቀው ቦታ ሁሉ ነገር የተሟላ ነው፣ አላየሁትማ።

እኔ ደግሞ እንደ ተራ ሰው አዲስ አበባ አልሮጥም። ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ሲሮጥ፣ የአዲስ አበባው ዶክተር ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉደር ወዳለች አንዲት ክሊኒክ እንደሚመጣ የሚያውቅ ማን ነው? እኔ። ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ወረድኩ። የጉደር ሚኒባስ ተሳፋሪዎቹን ሲያራግፍ አንድ አዛውንት ሆዱን በእጁ ደግፎ ወረደና ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

"ኦቦ፣ ጥሩ ጤና ጣቢያ አላችሁ ብለውኝ ነው ከጉደር የመጣሁት። በየት በኩል ነው?"

የሚጠይቀኝ ከጓሮዬ ቀጥሎ ያለውን ነው። አዘንኩለት። መንገዱን አሳየሁት፣ ባጃጅም አቆምኩለት፣ ከዚያ እሱ በተነሣበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ወደ ጉደር ሄድኩ።

የጉደሯ ክሊኒክ ደስ ትላለች። ወንበሮቿ አዲስ፣ ቴሌቪዥኗ ትልቅ ነው። አንድ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት ጠጋ ብሎ "ምን ሆኑ አባቴ?" አለኝ።

"ጆሮዬ ተዘጋ።"

"ደም እንስጥ፣ ሽንትም እንስጥ፣ ሰገራም እንስጥ" አለ።

እንስጥ ይበል እንጂ የሰጠሁት ብቻዬን ነው። ከሁሉም ሰጠሁ። ጆሮዬን ግን ማንም አልጠየቀውም። ቆይቶ ወጣቱ ውጤት ይዞ በኩራት መጣ። "ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት።"

"ዶክተሩ ምን አሉ?"

"ዶክተሩ ዛሬ አልመጡም። አዲስ አበባ ታመው ቀሩ።"

የት እንደሚታከሙ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። አልጋ ላይ አስተኝተው ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። እውነቱን ለመናገር ግሉኮስ ሲንጠባጠብ እያየሁ ደስ አለኝ። በእኛ አገር ግሉኮስ ያልተሰቀለለት ሰው ታከምኩ ብሎ አፉን አይከፍትም። ከጎኔ የተኛችው ሴት ራሷን አሟት የመጣች ናት፣ እሷም ታይፎይድ አለባት። ከእሷ ወዲያ ያለው ቁርጭምጭሚቱ የተወለመጠ ገበሬ ነው፣ እሱም ታይፎይድ አለበት። በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ስምምነት አይቼ አላውቅም።

ኪኒኔን ይዤ ቤት ስገባ ሚስቴ አፏን ወደ ቀኝ ጆሮዬ አስጠግታ የሆነ ነገር አለች። አልሰማሁም። በግራው ደገመችው፣ "ተከፈተልህ?"

"ታይፎይድ አለብኝ" አልኳት፣ ቀና ብዬ።

"ጆሮህ ውስጥ?"

ኪኒኔን በውሃ ዋጥኩ። የገበያው ቀን እየቀረበ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ትልቅ ሕመም ለትልቅ ቤት ነው ብዬ ነው። ሱፌን ለበስኩ፣ ጠዋት ተሰልፌ ካርድ ክፍል መስኮት ጋ ደረስኩ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ ፊቴን ሳታይ "ሪፈር" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሪፈር! የጤና ጣቢያ ወረቀት! ድንገተኛ ነዎት?"

"ድንገት ነው የተዘጋው።"

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሳቀ። አሁን ቀና ብላ አየችኝ፣ ለስለስም አለች። "አባቴ፣ ለእንዲህ ያለው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው የሚታየው። እነሱ ከአቅማችን በላይ ነው ካሉ ወረቀት ይጽፉልዎታል፣ ያኔ እኛ እንቀበላለን። ሰፈርዎ የት ነው?"

ነገርኳት።

"ውይ፣ እዚያማ አጠገብዎ አለ" አለች፣ የምሥራች የነገረችኝ ይመስል።

ወደ ጤና ጣቢያው የገባሁት ለመታከም አይደለም። ወረቀት ለማጻፍ ነው። ይህ ልዩነት ይያዝልኝ። ሰው እንዳያየኝም በዋናው በር ሳይሆን ጄኔሬተር ልጠግን በምገባበት በጓሮው በኩል ገባሁ። ወረፋዬ ሲደርስ አንዲት ጤና መኮንን ካለችበት ክፍል ገባሁ፤ ዕድሜዋ ከልጄ ልጅ ብዙም አይበልጥም። ተነሥታ ወንበር ሳበችልኝና በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ።

"አካም ጂርቱ ኦቦ? ፈያዳ?"

"ፈያ" አልኩ። ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ ደህና የሆነ ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ እንዳልገባት ፊቷ ላይ አየሁ። "የሪፈር ወረቀት ፈልጌ ነው። ለጆሮ። አጭር ይበቃል።"

"መጀመሪያ ልየው።"

"መታየቱ ለሆስፒታሉ ነው፤ አንቺ ጻፊልኝ ብቻ።"

እሷ ግን መሳቢያዋን ከፍታ ጫፉ የቀጠነ መብራት ያለው መመልከቻ አወጣች፣ ጆሮዬን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ጎንበስ አለች። ልብ በሉ፤ ከጌዶ እስከ ጉደር፣ ከጉደር እስከ ሆስፒታል ስዞር ጆሮዬን ሰው ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ያምዎታል? ፈሳሽ ወጥቶት ያውቃል? ከዚህ በፊት ታምቡሩ ተበስቷል ተብለው ያውቃሉ?"

"የለም፣ የለም፣ የለም።"

"ኩክ ነው" አለች ቀና ብላ። "ደርቆ ደፍኖታል። ውሃ ሲነካው ደግሞ ያብጣል። የሚያለሰልስ ጠብታ እሰጥዎታለሁ፣ ጥቂት ቀን ያድርጉበትና ተመልሰው ይምጡ፣ እናጥበዋለን።"

ኩክ! የምዕራብ ሸዋን ወፍጮ ሁሉ የሚያዳምጥ ጆሮ በኩክ ይዘጋል? ታይፎይዱ እንኳን ይሻል ነበር፤ ክብር አለው።

"ልጄ፣ ይሄ ተራ ጆሮ አይደለም። ወረቀቱን ጻፊልኝ።"

"ኦቦ፣ ሪፈር የምጽፈው እኛ ሲያቅተን ነው።"

"ታዲያ ቢያቅታችሁ ምን አለበት? ያቅታችሁ።"

ሳቋን በእጇ ያዘችው። "ይህ እኮ አያቅተንም።"

"ለእኔ ስትዪ ያቅታችሁ! ሽማግሌ ሰው ለምኖሽ?"

"አቅቶኛል ብዬ ሪፈር ብጽፍልዎ እዚያ ያለው ሐኪም ኩክ ነው ብሎ ይመልሳል፣ በእኔም ይሳቅብኛል፣ እርስዎም ገበያው ያልፍብዎታል።" የገበያውን ነገር በየት ሰማች? ሚስቴ ናት። ዶሮዎቹ ብቻ አይደሉም ለካ ከጓሮው ማዶ የሚሰሙት። "ደግሞ ጥጥና ክብሪት እንጨት ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው" አለችኝ።

የጠብታውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስሕተት ፈልጌ አጣሁ። ሚስቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስደግፋ ታንጠባጥብልኝ ነበር፤ እንዳልነቃነቅ ስለታዘዝኩ ስለ ትዳራችን ያላትን አስተያየት ሁሉ በግራ ጆሮዬ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ።

በቀጠሮዬ ቀን፣ በገበያው ዋዜማ፣ ተመልሼ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ጤና መኮንኗ ለብ ያለ ውሃ መርፌ በሌለው ትልቅ ስሪንጅ ሳበችና ሳህኑን ጆሮዬ ሥር እንድይዝ ሰጠችኝ። ውሃው ሲገባ አንጎሌ ውስጥ ዝናብ የወረደ መሰለኝ። ደገመች። የሆነ ነገር ሾልኮ ሳህኑ ላይ ጧ አለ።

ጧ ሲል ሰማሁት። በቀኙ!

ሁለታችንም አጎንብሰን አየን። መጀመሪያ የወጣው የጤፍ ቂጣ ቀለም ያለው ኩክ ነው። በመሐሉ ደግሞ ተጠቅልሎ የጠቆረ የጥጥ ቁራጭ አለ፤ አቧራ እንዳይገባ ከወተፍኩት አንዱ መሆኑ ነው፣ መቼ እንደጠፋኝ አላውቅም።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች።

"ጥጥ ነው። ጥሩ ጥጥ ነበር" አልኳት። ያን ያህል ጊዜ ውስጥ ተቀምጦ እንኳን አልተበጣጠሰም፤ የእኔን ዕቃ ምርጫ የሚያሙ ሁሉ ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። ከጓሮው በኩል አንድ ሞተር ያቃስታል፤ በየዙሩ አንድ ጊዜ የሚያንኳኳ፣ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ አለው። ካቻቢቴ እንኳን አላስፈለገኝም። ተነሣሁ።

"ያ ጄኔሬተር በጠና ታሟል" አልኩ። "ኩሽኔታው አልቋል። ማን ነው ጤነኛ ነው ያለው?"

ጤና መኮንኗ ጆሮዬን በፎጣ አደረቀች። "እርስዎ ነዎት ኦቦ።"

"እሺ፣ ያኔ ጆሮዬ ታይፎይድ ይዞት ነበር።"

"ለማንኛውም አይጨነቁ" አለችኝ፣ ለማጽናናት። "ነገ በአይሱዙ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። አለቃችን እዚህ አገር የሚያውቀው የለም አሉ።"

እዚህ አገር የለም! እኔ ከጓሯቸው አጥር ማዶ እየኖርኩ! እዚሁ የተቀመጠ ባለሙያ ዘለው፣ ሳያሳዩት፣ ሳያዳምጠው፣ ያን ሁሉ መንገድ ጭነውት ሊሄዱ ነው። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ሞኝነት ይሠራል? ደሜ ፈላ።

"ሪፈር ማን ጻፈለት?" አልኩ።

ያኔ መያዝ አልቻለችም፤ ሳህኑ እጇ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቤት ሄጄ ዕቃዬን አመጣሁና፣ አሁን በዋናው በር፣ ሁሉም እያየኝ ገብቼ፣ ኩሽኔታውን እዚያው ቀየርኩት። ሳስነሳው እንደ ድመት አንኮራፋ። አይሱዙው ባዶውን ይሂድ።

በማግሥቱ ማለዳ ጌዶ ነበርኩ። ባለወፍጮዋ ወንበር አላቀረበችልኝም፤ ስልኳን በእጇ ይዛለች፣ የነቀምቱ ልጅ ቁጥር መስታወቱ ላይ ይታየኛል። ካቻቢቴዬን አሳርፌ ጆሮዬ ሥር አስደገፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወፍጮው ያ ሁሉ ቀን ሊነግረኝ ሲለፋ የከረመውን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ።

"የታችኛው ኩሽኔታ ነው። የላይኛው ደህና ነው፣ አትንኩት። ችንጋውም አለልክ ጠብቋል፤ ማን ነው እንዲህ ያጠበቀው?"

"እርስዎ" አለች።

"መልሺልኝ አላልኩም፤ ለራሴ ነው የጠየቅኩት" ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። የታችኛው ሲፈታ ኳሶቹ ተበልተው እጄ ላይ ተበተኑ። ቀይሬው ወፍጮው ሲነሳ ድምፁ ለሰለሰ፤ ያቺ ባለፈው የቀለደችብኝ ሴት ዱቄቷን በጣቷ ነክታ ራሷን ነቀነቀች። የባለወፍጮዋ ስልክ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ገባ፤ ወንበሬ ወጣ።

"ኦቦ፣ የት ታክመው ነው?" አለችኝ ባለወፍጮዋ ቀረብ ብላ። "እኔም ይህን ጆሮዬን ዱቄት ደፍኖብኛል መሰለኝ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀላል ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። "ጤና ጣቢያ" አልኳት። "አምቦ ድረስም መምጣት የለብሽም፤ እዚህ ጌዶም አለላችሁ። መብራት ያለው መመልከቻና አንድ ስሪንጅ ውሃ ነው።"

ሴትዮዋ አየችኝ። ከዚያ በቁም ነገር ድምፅ "ገባኝ፣ አይንገሩኝ" አለች። "ጥሩ ስፔሻሊስት ያገኘ ሰው ይደብቃል። እኔም ብሆን እደብቅ ነበር።"

ያን ዕለት ማምሻውን የመጨረሻውን አውቶቡስ ይዛ፣ ሻሿን በጆሮዋ ላይ ጠምጥማ፣ በአምቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ እንደተጓዘች በኋላ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ደጄን አንኳኩቶ "ጋሼ፣ የት ልሂድ?" ሲለኝ መልሴ አንድ ነው። "መጀመሪያ ቤትህ አጠገብ ያለው ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ካቃታቸው ይልኩሃል።" የሚመጣው ሰው ፊቱ ይቀዘቅዛል፤ ያመጣውን ሙዝ ትንሽ ወደ ራሱ ይስባል። "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይወጣና አጥሩን ዞሮ መምህሩ ቤት ይገባል። መምህሩ ሲመክረው ቁጭ ብዬ በቀኝ ጆሮዬ አዳምጣለሁ፤ አንድም ቃል አያመልጠኝም። ጉደር ይለዋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶክተር ይመጣል ይለዋል።